በቀሚሴ ምክንያት ስለሞተው ወንድሜ

ለተከበሩ ጋሼ ወልደሚካኤል
የአብሮነት መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር
አዲስ ከተማ፣ መርካቶ

ግንቦት 12 ቀን

ጉዳዩ፦ በሕይወት ያለ ሰው ከሟቾች መዝገብ እንዲሰረዝልኝ ስለመለመን

የተከበሩ ጋሼ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ፈጣሪ ግፊትዎን ዝቅ፣ ዕድሜዎን ከፍ ያድርግልኝ፤ ከለቅሶ ለቅሶ ሳይታክት የሚያመላልስዎን ጉልበትም ያጽናልኝ። ከሁሉ በላይ ግን ዓይንዎን እንዲጠብቅልኝ እጸልያለሁ፤ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ያን ሁሉ ተሸካሚና ያን ሁሉ ጥሩምባ አልፎ፣ በአንዲት ልጅ ልብ ውስጥ ያለውን ሐዘን ልጅቱ ራሷ ሳታውቀው አስቀድሞ የሚያይ ዓይን በዚህ ዘመን በቀላሉ አይገኝም።

እርስዎ እንኳ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያውቁኛል፤ ነገር ግን ይህ ደብዳቤ በዕድሩ ቤት በር፣ በኢስሐቅ የጅምላ ሱቅ መስታወትና በሠፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለሚለጠፍ ለማያውቀኝ ሰው ራሴን ላስተዋውቅ። ሎዛ እባላለሁ፣ የእትዬ ሸዋርካብሽ ልጅ ነኝ፣ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ከጓደኛዬ ከዋፋ ጋር ሶማሌ ተራ አጠገብ ልባሽ ጨርቅ እሸጣለሁ። ብሥራት የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። አለኝ ማለቴን ልብ ይበሉልኝ። መስከረም ላይ ባሕር ተሻግሬ ሥራ እፈልጋለሁ ብሎ ወጥቶ ከኅዳር ጀምሮ ድምፁ ጠፍቶብን ነበር። እናቴ በዚያ ሁሉ ወራት ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነበር የምትተኛው፤ ትጠብቅ ነበር፣ ተስፋም ነበራት። የተከበረው ኮሚቴዎ ይህን ተስፋ እንዴት አድርጎ በአንድ ማለዳ እንዳቃለለላት በዝርዝር ለማመስገን ነው ብዕር ያነሳሁት።

አንደኛ፣ ለአለባበሴ ስለሰጡት ከፍተኛ ትኩረት አመሰግናለሁ። እኔ የምለብሰው ጎቲክ ይባላል። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ዳንቴል፣ ጥቁር ከንፈር፣ በኩል የጠቆረ ዓይንና የብር ጌጥ ማለት ነው፤ የሚለበሰው ሰው ስለሞተ ሳይሆን ስለሚያምር ነው። ፈረንጆቹ የሚለብሱት በብርድ አገር፣ በከፋይና በቆዳ ነው። እኔ ግን የምለብሰው በሚያዝያ ፀሐይ፣ ቆርቆሮው እጅ በማያስነካበት ሱቅ ውስጥ፣ ያውም በልባሽ ነጋዴ አቅም ስለሆነ መላ መፈለግ ነበረብኝ። ከፋዩን በስስ ጥጥ ቀየርኩት። እጅጌውን ቆርጬ ጥዬ በምትኩ ከመጋረጃ የተረፈ ዳንቴል ሰፋሁበት፤ ነፋስ ያስገባል፣ ክንድም ይሸፍናል፣ እናቴም አትቆጣም። ጫማዬ የወታደር ቡትስ የነበረ ሲሆን በጋው ሲበረታ አንገቱን አስቆርጬ አጭር አደረግሁት። ፈረንጆቹ ፊታቸውን የሚያነጡበት ዱቄት መርካቶ ላይ በላብ ስለሚቦካ ተውኩት። ውድ የዓይን ቀለም ስለማይቀመስ ከዋፋ እናት ከእትዬ ጠሂራ ኩል ለምኜ ከቫዝሊን ጋር ለወስኩት፤ ለዓይንም ለከንፈርም ይሆናል። ይህንን ጥበብ በቲክቶክ አስተምራለሁ፣ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰውም ይከታተለኛል፤ በቅርብ የተከታተለኝ ግን የእርስዎ ኮሚቴ መሆኑን ስረዳ ኮራሁ።

ቤታችን የቀበሌ ነው፣ ሱቁ የኪራይ ነው፣ የምሸጠው ልብስ ሰው ለብሶ የተወው ነው። ጥቁሩ ብቻ የራሴ ነበር። ጠዋት ስለብሰው ደስ ይለኝ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ዋፋ ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር አባያ ለብሳ በየቀኑ ከጎኔ ስትቆም ማን ሞተብሽ ያላት ሰው የለም፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመኝም።

ሁለተኛ፣ የዕድሩን የሴቶች ተጠሪ እትዬ አበራሽን ለንቃታቸው ላመሰግን። መጋቢት መጨረሻ ላይ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ልትስም በሄደችበት ሰዓት ነጭ ቀሚሴን በግቢው ጥግ በድስት ጥቁር ቀለም ስነክር በአጥር ቀዳዳ አዩኝ። ለምን ተደብቄ እንደነከርኩ ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግራቸው ነበር፤ ድስቱ የእናቴ የዶሮ ወጥ ድስት ስለሆነ ነው። እሳቸው ግን አገራቸውን የሚያውቁ ሴት ናቸው። ልብስ ጥቁር የሚነከረው ሰው ሲሞት ነው፤ ተደብቆ የሚነከረው ደግሞ ለቤቱ እናት መርዶው ገና ሳይነገር ሲቀር ነው፤ ከዚህ ቤት የራቀው ብሥራት ብቻ ነው። ስለዚህ ብሥራት ሞቷል፣ ልጅቱ ሰምታለች፣ ለእናቷ መንገር ከብዷታል። እውነቱን ለመናገር አስተሳሰቡ ነውር የለበትም። እኔም በቦታቸው ብሆን እንዲሁ አስብ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ እኔን መጠየቅ። ለካ መርዶ የያዘ ሰው አይጠየቅም፣ ይከበባል እንጂ።

ሦስተኛ፣ እርስዎ ራስዎ ስላደረጉልኝ ደግነት። ሚያዝያ መግቢያ ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በድልድዩ የታክሲ ሰልፍ ላይ ልብስ የታጨቀበት ማዳበሪያ ታቅፌ ቆሜያለሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኩልና ቫዝሊን ሙቀት ላይ እንደማይስማሙ የተማርኩት ያን ቀን ነው፤ ቀልጦ በሁለቱም ጉንጮቼ እስከ አገጬ ወረደ። እጆቼ ስለተያዙ አልጠረግሁትም። እርስዎ ከሰልፉ ኋላ ሆነው አይተውኝ መጡ፣ ትከሻዬን ያዝ አድርገው አይዞሽ ልጄ አሉኝ፣ የታክሲዬንም ከፈሉልኝ። እኔ የዋህ፣ ወይ ጋሼ፣ እንዲህም ያለ ደግ ሰው አለ ለካ ብዬ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ይህ ምስጋናዬ በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ ልጅቱ እያለቀሰች አምናለች ተብሎ መስፈሩን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ለእኔ ጉንጬም ባዳ ሆነብኝ።

አራተኛ፣ ስለ መርዶው አፈጻጸም ምንም የምነቅፈው የለኝም፤ ሥርዓቱ አንድም አልጎደለበትም። ረቡዕ ሚያዝያ 14፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ እርስዎን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ጋቢና ነጠላውን ዘቅዝቆ በራችን ላይ ተሰበሰበ። በእኛ ሠፈር ውሃ የሚመጣው ረቡዕ ንጋት ላይ ስለሆነ በሩ ሲንኳኳ እናቴ ጎረቤት ሊቀሰቅሳት የመጣ መስሏት ባዶ ጀሪካን ይዛ ወጣች። ጀሪካኑን ከእጇ ማን እንደተቀበላት አላውቅም። ቀጥሎ የሰማሁት ጩኸቷን ነው። ጋሼ፣ ብዙ ነገር በቀልድ መጻፍ እችላለሁ፤ ያን ጩኸት ግን አልችልም፣ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

እኔ ከእንቅልፌ ደንብሬ ስወጣ የለበስኩት ከቦንዳ ያገኘሁትን የራስ ቅል የታተመበት ጥቁር ካናቴራ ነበር፤ ለክርክሬ እንዳልጠቀመኝ አምናለሁ። ማን ነገራችሁ፣ ከየት ሰማችሁ እያልኩ ስጮህ እነ እትዬ አበራሽ ግራና ቀኝ ይዘውኝ ምስኪን፣ ሐዘኑ አእምሮዋን አናወጠው ተባባሉ። ጥቁር የምለብሰው ስለሚያምረኝ ነው ብዬ ስምል ደግሞ ጭራሽ ለቅሶው ባሰ። እንዴት ሞተ ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር፤ ማንም ስለማያውቅ አንዱ በባሕር ሳይሆን አይቀርም አለ። እስከ ቁርስ ጀልባ ተገለበጠ። እስከ ቀትር ጀልባዋ ሰማያዊ ቀለም አወጣች። ማታ ላይ ብሥራት ሌላ ልጅ ለማዳን ወደ ውሃው ዘሎ ገብቶ ነበር፤ እኔ የማውቀው ብሥራት ግን የፍል ውሃ መታጠቢያ ውስጥ እንኳ የገንዳውን ጠርዝ የማይለቅ ልጅ ነው። ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆመ። ኢስሐቅ ለክብራችን ሱቁን ዘጋ፣ እትዬ ጠሂራ በትሪ በትሪ ምግብ አመላለሱ፣ የዕድሩ ወንበር ለአንድም ለቀስተኛ አልጎደለም። የሠፈሩን ፍቅር አይቼ አለቀስኩ፤ እሱም እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ተያዘብኝ።

አምስተኛ፣ ብሥራት ደወለ።

ዓርብ ግንቦት 7፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ እኔ ከጎኗ ሆኜ ስልኬ ላይ ረጅም የውጭ ቁጥር መጣ። ሎዚዬ ሲለኝ ድምፁን ለየሁት። ድንበር ላይ ተይዞ ከኅዳር ጀምሮ እስር ቤት እንዳለ፣ ስልክ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ዓርብ ለሁለት ደቂቃ ብቻ እንደሚሰጧቸው፣ የእሱ ስም ከሚደውሉት ዝርዝር የገባው ገና አሁን እንደሆነ ተጣድፎ ነገረኝ። እያለቀስኩ ስልኩን የእናቴ ጆሮ ላይ አደረግሁት። ነገር ግን በለቅሶው ሰሞን እነ እትዬ አበራሽ ለእሷ አስበው፣ ደላሎች እየደወሉ የሞተን ልጅ አለ እንደሚሉ፣ ድምፅም እንደሚያስመስሉ፣ እንዳትታለል ደጋግመው መክረዋት ነበር። እናቴ አዳመጠችው። ከዚያም፣ ልጄ፣ የማን ልጅ እንደሆንክ አላውቅም፣ ልታጽናናኝም ከሆነ ፈጣሪ እናትህን አያሳጣህ፤ የእኔ ብሥራት ግን ሞቷል፣ እነ ጋሼ ወልደሚካኤል ነግረውኛል፣ እሳቸው ደግሞ ዋሽተው አያውቁም አለችውና ስልኩን መለሰችልኝ። ብሥራት እማዬ ምን ሆና ነው፣ ሎዛ፣ እማዬ ምን ሆና ነው እያለ ሲጮህ ሁለት ደቂቃው አለቀ።

እዚህ ላይ የልብ ምስጋናዬን ይቀበሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያሳደገችውን ልጅ ድምፅ ትታ የእርስዎን ቃል ያመነች እናት በሠፈርዎ አለች። ይህን ያህል የታመነ ሽማግሌ የት ይገኛል? እንኳን ደስ አለዎ።

ስድስተኛ፣ እሑድ ግንቦት 9 ኮሚቴው ፊት ቀርቤ አቤት ስል በትዕግሥት ስላዳመጣችሁኝ። ጸሐፊው ጋሼ ሀብተ ወልድ መነጽራቸውን አድርገው ደንቡን ገለጡ፤ አባል ወይም የአባል ልጅ ሲሞት ስለሚደረገው ሃያ ሁለት አንቀጽ ተገኘ፣ የሞተው ልጅ ስልክ ሲደውል ስለሚደረገው ግን አንድም መስመር አልተገኘም። ስለዚህ ልጁ በሕይወት ስለመኖሩ ከወረዳ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዳመጣ ተወሰነ። ወረዳ ሄድኩ። ወረዳው ባለጉዳዩ ራሱ መታወቂያውን ይዞ ይቅረብ አለኝ። ከሕግ ጋር ጠብ የለኝም ጋሼ፤ ነገር ግን ለሞቱ የእኔ ቀሚስ ብቻ በቅቶ ለሕይወቱ ማኅተም ሲጠየቅ፣ ሠፈራችን ለመሞት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ሳልደነቅ አላለፍኩም።

በዚያው ስብሰባ ላይ ሽማግሌ መርዶ ነግሮ ተመልሶ ተሳስቻለሁ ካለ ዕድሩን ማን ያከብረዋል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብለው እርስዎ ሲናገሩ ጭንቅላት ሁሉ ተነቀነቀ። አርባውም እሑድ ግንቦት 23 እንዲወጣ፣ የእኔ አቤቱታ ደግሞ ከአርባው በኋላ እንዲታይ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ስወጣ እትዬ አበራሽ ተከትለውኝ ዓመቱ እስኪደርስ ጥቁሩን እንዳላወልቅ፣ ከንፈሬን ግን እንድጠርገው መከሩኝ።

ሰባተኛ ልል ነበር። ቁጥሩ ሰለቸኝ፣ ይቅር።

እስቲ እዚህ ላይ ያለ ፌዝ ልንገርዎ። ከስብሰባው በነጋታው ጥቁሩን አውልቄ ከሱቁ ቢጫ ቀሚስ መርጬ ለብሼ ወደ ቤት ገባሁ፤ እናቴ ካየች ልቧ ይከፈታል ብዬ ነው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። አርባው እንኳ ሳይወጣ ወንድምሽን ረሳሽው ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ያን ቀን እህልም አልቀመሰች። በማግስቱ ጥቁሩን መልሼ ለበስኩ። ያኔ ደግሞ እጄን ያዘችና አየሽ፣ አንቺም ልብሽ ያውቀዋል አለችኝ። ብለብሰው ወንድሜን እቀብራለሁ፣ ባወልቀው እክደዋለሁ። ራቁቴን አልሄድ! ሱቅ ስገባ ደንበኛው ነፍስ ይማር ብሎ ያቀረቅራል፤ ቪዲዮዬ ሥር በጋ ላይ ጥቁር ሳይሞቅ እንዴት ይለበሳል ይሉኝ የነበሩ ልጆች አሁን እግዚአብሔር ያጥናሽ ብለው ይጽፋሉ። ዋፋ አባያዋን አውሳኝ ነበር፤ እሱም ጥቁር ነው። ታፈንኩ ጋሼ። በምወደው ልብስ ውስጥ ታፈንኩ። አንዳንዴ ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ እያወቅሁ፣ ምነው ቀሚሱን የነከርኩ ቀን እጄን በቆረጠው እላለሁ። ወንድሜ እስር ቤት ሆኖ እናቱ ለምን እንዳላወቀችው እያሰበ ነው፤ እናቴ እዚህ ሆና በሕይወት ላለ ልጅ የአርባ ስንዴ እየለቀመች ነው፤ እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ የምለብሰው አጥቻለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ብሥራት በድጋሚ የሚደውለው ዓርብ ግንቦት 21 ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከአርባው ሁለት ቀን ቀድሞ ማለት ነው። ያን ዕለት ንጋት ላይ፣ ያው አሥራ አንድ ሰው ሆናችሁ፣ በዚያው በር፣ በዚያው ሰዓት እንድትመጡልኝ እለምናለሁ። እናቴ ስልክ አታምንም፣ እኔን አታምንም፣ ወረዳ ማኅተም ቢመታበትም ማንበብ ስለማትችል አትቀበለውም። በማለዳ መጥታችሁ የነገራችኋትን በማለዳ መጥታችሁ ካልነገራችኋት በቀር ይህን ነገር ከልቧ የሚያወጣው የለም። እንዲህ ያለ ሥርዓት በደንቡ የለም ብለው እንዳይጨነቁ። ነጠላችሁን አቅኑት፣ ቁሙ፣ ሸዋርካብሽ፣ ተሳስተን ነበር፣ ልጅሽ አለ በሏት። እልልታውን ሠፈሩ ራሱ ያውቅበታል።

አፍራለሁ ብለው ከሆነ፣ ማፈርዎ አይቀርም። ብሥራት አንድ ቀን በዚያ በር ይገባል፣ ያኔ የሚያፍሩት ሠፈሩ ሁሉ እያየዎት ነው፤ አሁን ግን የሚያፍሩት ስሕተትዎን በራስዎ አንደበት አርመው እናቴ ፊት ነው፣ እሷ ደግሞ ደስታዋ ይቅር ለማለት እንኳ ጊዜ አይሰጣትም።

ይህን የአንዲት ጥቁር ለባሽ ልጅ ድፍረት በአባትነትዎ እንዲያልፉልኝ፣ ለማለፍ ቢከብድዎ እንኳ በሌላ ጊዜ ማንንም ከመቅበርዎ በፊት ቤተሰቡን እንዲጠይቁ እየተማጸንኩ፣ ለመላው የኮሚቴ አባላት ረጅም ዕድሜን፣ ለዕድራችን ድንኳን ረጅም ዕረፍትን፣ ለእርስዎም ጤናን ተመኝቼ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ቃልዎን እንደ እናቴ የምታከብረው
ሎዛ፣ በሕይወት ያለው የብሥራት እኅት

ማስታወሻ፦ ዓርብ ንጋት ላይ ባይመቻችሁና እናቴ ያን ቀንም ልጇን ሳታምነው ብትቀር፣ ብሥራት ማን ነው ሞተ ያላት ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ለማስረዳት ጊዜው ስለማይበቃኝ ለሚቀጥለው ተራው የእርስዎን ስልክ ቁጥር እሰጠዋለሁ። እባክዎ በመጀመሪያው ጥሪ ያንሱለት፤ ያለችው ሁለት ደቂቃ ብቻ ናት።